ቅዠት፦ ስለ ቃሉ ፍቺና አመጣጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ጠዋት ቡና ቀርቦ የሌሊቱ እንቅልፍ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንደኛው ከተኛው ሰው አፍ የሚወጣ ነው፤ «ክፉ ሕልም አየሁ» ይላል። ሁለተኛው አጠገቡ ካደረው ሰው የሚመጣ ነው፤ «ሌሊቱን ሙሉ ስትቃዥ አደርህ» ይላል። አማርኛ በማስተምርባቸው ዓመታት ስለ «ቅዠት» ከተማሪዎቼም ከወላጆቻቸውም የቀረቡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚመነጩት እነዚህን ሁለት ንግግሮች እንደ አንድ ከመቁጠር ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍሁበት፤ ነገር ግን ከዚህ በታች እንደምናገረው አንድ ጊዜ የአባቴን ሕይወት አደጋ ላይ ሊጥል ደርሶ ነበር።

«ቅዠት» ማለት ምን ማለት ነው?

«ቅዠት» የተገኘው «ቃዠ» ከሚለው ግሥ ነው። ቃዠ ማለት ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ወይም ትኩሳት አእምሮውን አድክሞት ሳለ፣ ሳያውቀው ተናገረ፣ ቃተተ፣ ጮኸ፣ ተወራጨ ማለት ነው። በዚህ ፍቺው ቅዠት በጆሮ የሚሰማና በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ምስክሩም ባለቤቱ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ሰው ነው። «ቃዥቼ አደርሁ» የሚለው ሰው ራሱ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ሌሎች ጠዋት የነገሩትን ነው።

ሁለተኛው ፍቺ ተኝቶ የሚታየው አስፈሪ ሕልም ራሱ ነው። ዛሬ በጋዜጣ፣ በትርጉም መጻሕፍትና በፊልም ጽሑፍ ላይ ገንኖ የሚታየው ይህኛው ሲሆን ስሕተት ነው ልንለው አንችልም፤ የሚጮኸው ሰው የሚያስጮኸውን ነገር እያየ ነውና ስሙ ከጩኸቱ ወደሚታየው ነገር መሻገሩ የሚገባ ነው። ሆኖም መነሻው የትኛው እንደሆነ የግሡ ጠባይ ራሱ ይነግረናል ብዬ አምናለሁ። ሰው ሕልምን «ያያል»፣ ሕልምን «ያልማል»፤ «ቃዠ» ግን የሚታይ ነገር አያስከትልም። «እባብ አለምሁ» እንላለን፣ «እባብ ቃዠሁ» አንልም። ግሡ የሚነግረን ሰውዬው ተኝቶ ሳለ ምን እንዳደረገ እንጂ ምን እንዳየ አይደለም።

ስለዚህ ቅዠትና ክፉ ሕልም የተለያዩ ናቸው?

በከፊል ይገናኛሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። ቀን ሲያርስ የዋለ ሰው ሌሊት ተኝቶ «ያዘው! በሬው አመለጠ!» ብሎ ቢጮኽ ቃዠ እንለዋለን፤ ያየው ሕልም አስፈሪ ላይሆን፣ ጠዋትም ጨርሶ ላያስታውሰው ይችላል። በሌላ በኩል ሰው የሞተ ዘመዱን ቀብር ሲያይ አድሮ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ጎኑን እንኳ ሳይለውጥ በላብ ተጠምቆ ሊባንን ይችላል። ይህ ክፉ ሕልም ነው፤ ሲቃዥ ግን ማንም አልሰማውም።

«ባነነ» የሚለውም ቃል በዚህ ረድፍ ውስጥ ቦታ አለው። ባነነ ማለት እንዲሁ ነቃ ማለት አይደለም፤ ደንግጦ፣ ከእንቅልፉ ተነጥቆ ነቃ ማለት ነው። ከዚህ አልፎ ከመኝታው ዘልሎ ከተነሣ «በርግጎ ተነሣ» ይባላል። ስለዚህ አንድ ሌሊት በሦስት ግሥ ሊተረክ ይችላል፤ አለመ፣ ቃዠ፣ ባነነ። የመጀመሪያውን የሚያውቀው ባለቤቱ፣ ሁለተኛውን የሚያውቀው አጠገቡ ያለው ሰው፣ ሦስተኛውን ሁለቱም ናቸው።

ቃሉ ከየት መጣ? ከግእዝ ነው?

ከፊደሉ እንጀምር። ግእዝ 26 ፊደላት ያሉት ሲሆን «ዠ» ከነዚህ አንዱ አይደለም። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ አማርኛ ለራሱ ድምፆች ሲል ከነባሮቹ ላይ ምልክት እየጨመረ ያበጃቸው ናቸው፤ ዠ የተሠራችውም ከ«ዘ» ነው። ስለዚህ «ቅዠት» ዛሬ ባለው መልኩ በግእዝ ሊጻፍ እንኳ አይችልም። «ሕልም» ከግእዝ እንዳለ የተቀበልነው ቃል ሲሆን፣ «ቅዠት» ግን በአማርኛ አፍ ውስጥ ቅርጹን ያገኘ ቃል ነው።

ፊደሏ ከዘ መሠራቷ ድምፁም ብዙ ጊዜ ከዘ የሚወለድ በመሆኑ ነው። ገዛ ብለን ገዥ፣ ያዘ ብለን ያዥ፣ አዘዘ ብለን አዛዥ እንላለን፤ በእያንዳንዱ የዘ ድምፅ ከኢ ወይም ከየ ጋር ሲገናኝ ወደ ዠ ይለሰልሳል። በግሥ መጨረሻም ተመሳሳይ ነገር ሲደርስ እናያለን። ግእዝ «ላጸየ» የሚለውን አማርኛ «ላጨ» አለው፤ «ሐፀየ» የሚለውን ደግሞ «አጨ» አለው። የመጨረሻዋ «የ» ጠፍታ፣ ስትጠፋ ግን ከፊቷ ያለውን ድምፅ አለስልሳው ሄዳለች። የጠፋችው ፊደል ምልክት በንዑስ አንቀጹ ላይ ይታያል፤ መላጨት፣ ማጨት እያልን በመጨረሻ «ት» የምንጨምረው በእርሷ ምክንያት ነው። «መቃዠት»ም በዚሁ ረድፍ ይቆማል፤ ቃዠ፣ ይቃዣል፣ ቃዥቶ፣ መቃዠት፣ ልክ እንደ ላጨ፣ ይላጫል፣ ላጭቶ፣ መላጨት። ከዚህ ተነሥቼ የግሡ የጥንት መልክ በ«የ» የሚጨርስ ነበር ወደሚለው አዘነብላለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በጎንደርና በአካባቢው ገጠር «ጅብ»ን ዥብ፣ «ጀመረ»ን ዠመረ የሚል አነጋገር ስላለ፣ ዠ ባለበት ሁሉ ዘ ነበረ ማለት አይቻልም፤ ጀም ወደ ዠ ይለሰልሳል። የ«ቃዠ»ን ጉዳይ ለእኔ የሚያጠናክረው ድምፁ ብቻ ሳይሆን የግሡ እርባታ ሙሉ በሙሉ ከላጨ ጋር መግጠሙ ነው።

ከግሥ ወደ ስም ያለው መንገድ ቀላል ነው። ጨነቀ ብለን ጭንቀት፣ ከበደ ብለን ክብደት፣ ወፈረ ብለን ውፍረት እንደምንለው፣ ቃዠ ብለን ቅዠት አልን።

«ሕልም» የሚለውስ?

የሴም ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ነው። ትግርኛ ሕልሚ፣ ዐረብኛ ሑልም፣ ዕብራይስጥ ሐሎም ይላሉ፤ ግእዙ ሐለመ ሲሆን አማርኛ ጉሮሮአዊውን ድምፅ ጥሎ አለመ አለው። በጥንቃቄ የሚጽፍ ሰው በሐመሩ ሐ «ሕልም» ብሎ የሚጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ግእዝ የሌሊትን ፍርሃት ምን ይለዋል?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ መልሱ በየቤታችን በየማታው ሲነበብ የኖረ ነውና። በመዝሙረ ዳዊት 90ኛው መዝሙር ላይ «ኢትፈርህ እምግርማ ሌሊት» የሚል ቃል አለ፤ የሌሊትን ግርማ አትፈራም ማለት ነው። ዛሬ «ግርማ» ስንል የንጉሥ ክብር፣ የፋሲል ግቢ ግንብ ሞገስ ይታየናል። ታዲያ የሌሊት ሞገስ ለምን ይፈራል? ግእዙ «ገረመ» አስፈራ፣ አስደነገጠ የሚል ፍቺ አለውና «ግርማ» በመሠረቱ የሚያርድ፣ የሚያንቀጠቅጥ ነገር ማለት ነው። የንጉሥ ግርማም በመጀመሪያ የሚያስፈራ መሆኑ ነበር፤ ውበትና ክብር የሚለው ስሜት ኋላ ጎልቶ ወጣ። «ግሩም» የሚለው ቃል እንዲሁ ከአስፈሪነት ወደ ድንቅነት ተሻግሯል። ይህን ዓይነቱን የቃል ልዩነት እየመረመሩ መፍታት በዚህች ከተማ አዲስ ሥራ አይደለም፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የመጻሕፍት ትርጓሜ ስልቶች ስማቸውን ያገኙት ከጎንደር ነው።

አያቴ ይህን መዝሙር በቃሏ ታውቀው ነበር። የልጅ ልጅ ሌሊት ሲጮኽ ከሰማች ኩራዟን ሳታበራ በዳበሳ መጥታ፣ መዳፏን ግንባሩ ላይ አሳርፋ፣ ስሙን ሁለት ጊዜ ቀስ ብላ ጠርታ፣ «በስመ አብ በል ልጄ» ትለውና በጎኑ ታዞረዋለች። ከዚያ ራስጌው ቁጭ ብላ ከመዝሙሩ ጥቂት በሹክሹክታ ትደግማለች። ነቅንቃ ስትቀሰቅስ አይቻት አላውቅም። «የሚቃዥ ሰው ነፍሱ ሩቅ ነች፣ ተቻኩላ እንድትመለስ አታስደንግጧት» ትለን ነበር።

«ዱካክ» ምንድን ነው? «ተጫነኝ» የሚሉትስ?

ይህ ከቅዠትም ከክፉ ሕልምም የተለየ ሦስተኛ ነገር ነው። ሰውዬው ነቅቷል፤ ጣሪያው፣ በሩ፣ አጠገቡ የተኛው ሰው ይታየዋል፤ ነገር ግን እጁን ማንሣት፣ መጮኽ አይችልም። ደረቱ ላይ ከባድ ነገር የተቀመጠ፣ ክፍሉ ውስጥም የሆነ አካል የቆመ ይመስለዋል። ሰዉ «ተጫነኝ» የሚለው ይህንን ነው፤ የሚጫነውን ክፉ መንፈስ ደግሞ ዱካክ ይለዋል። ጫት ሲቅሙ ቆይተው ያቋረጡ ሰዎችም የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች መከራ በዚሁ ስም ይጠሩታል።

የእንቅልፍ ሳይንስ ማብራሪያው እንዲህ ነው። በእንቅልፍ ውስጥ ዓይን ከሽፋሽፍት ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ደረጃ አለ፤ በ1953 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተገለጸው ይህ ደረጃ ሕልም የሚበረታበት ነው። በዚህ ጊዜ አንጎል ሕልሙን በአካል እንዳንተገብረው የጡንቻዎቻችንን እንቅስቃሴ ይገታል። አልፎ አልፎ ታዲያ ንቃቱ ይቀድምና ገደቡ ሳይነሣ ይቀራል፤ ሰውዬው ነቅቶ ሳለ ሰውነቱ ገና ተኝቷል። ከጥቂት ሴኮንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በራሱ ይለቃል። እንቅልፍ ባጡና በጀርባቸው በተኙ ሰዎች ላይ ይበዛል።

የእንግሊዝኛው «ናይትሜር» ትክክለኛ አቻው «ቅዠት» ነው?

በዛሬ አጠቃቀሙ አዎ፤ በመነሻው ግን አይደለም። «ናይት» ሌሊት ነው፤ «ሜር» ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ባዝራ ማለት አይደለም። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ሜር» የተባለችው በተኛ ሰው ደረት ላይ ወጥታ የምታፍን ክፉ ፍጡር ነበረች፤ ከባዝራዋ ስም ጋር ድምፁ በአጋጣሚ ገጠመ እንጂ ዝምድና የለውም። ቃሉ ከ1300 ገደማ ጀምሮ ያገለገለው ለዚህች ፍጡርና ለምታደርሰው መታፈን ሲሆን፣ አስፈሪ ሕልም ወደሚለው ፍቺ የተሻገረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የፈረንሳይኛው «ኮሽማር» የመጀመሪያ ክፍሉ ከመርገጥና ከመጫን የመጣ፣ መጨረሻው ደግሞ ያችው «ማር» ናት። የዐረብኛው «ካቡስ» ከበሰ፣ ተጫነ፣ ከሚለው ሥር የወጣ ነው። ስፓኛውም «ፔሳዲያ» ሲል ከክብደት አንሥቶ ነው።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ የእኛው «ዱካክ» እና «ተጫነኝ» ዘመዶች ናቸው እንጂ የ«ቅዠት» አይደሉም። እነርሱ ለአስፈሪ ሕልም ስም ያወጡለት ከላይ ሆኖ ከሚጫነው ነገር ተነሥተው ነው፤ አማርኛ ስም ያወጣለት ከተኛው ሰው አንደበት ከሚወጣው ድምፅ ተነሥቶ ነው። ተርጓሚ ወንድሞቼና እኅቶቼ ጥንታዊ ጽሑፍ ላይ ይህን የእንግሊዝኛ ቃል ሲያገኙ በቀጥታ «ቅዠት» ከማለታቸው በፊት ጸሐፊው የሚናገረው ስለ ሕልም ነው ወይስ ደረት ላይ ስለሚቀመጠው ፍጡር ብለው ቢጠይቁ ሥራቸው ብዙ ይጠራል።

ትኩሳት ያለበት ሰው «ያቃዠዋል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከመግቢያው ላይ ቃል የገባሁት ነገር እዚህ ላይ ነው። ከጎንደር በስተደቡብ፣ ከጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳር ያለው የደምቢያ ሜዳ፣ በምዕራብ ደግሞ የመተማ ቆላ፣ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም ጀምሮ ወባ የሚበረታባቸው ናቸው። አባቴ ሰሊጥ ሊያሳጭድ ወደ ቆላ ወርዶ በተመለሰ በአራተኛው ቀን ተኛ። በሦስተኛው ሌሊት ዓይኑን ገልጦ እያየን የሞተ ወንድሙን ስም እየጠራ ያወራ ጀመር፤ እናቴን «አንቺ ማነሽ?» አላት። ጠዋት ወደ አንድ ጤና ተቋም ወስደን «ሌሊቱን ሲቃዥ አደረ» ብለን ተናገርን። የተቀበለን ወጣት ባለሙያ ቃሉን የሰማው በሁለተኛው ፍቺው ነበርና አስፈሪ ሕልም ያያል ብሎ መዘገበው፤ የማስታገሻ ክኒን ተሰጥቶን ወደ ቤት ተመለስን። ማታውን ተንዘፈዘፈና ራሱን ሳተ። በሌላ ቦታ ደሙ ሲመረመር ፋልሲፓረም የተባለው ከባዱ የወባ ዓይነት ተገኘበት። ዳነ፤ ግን በጭንቅ ነው የዳነው።

«ሲቃዥ አደረ» ስንል የእኛ ሐሳብ አእምሮው ተናወጠ፣ የሚናገረውን አያውቅም ማለት ነበር። በሕክምና ዓይን በትኩሳት መቃዠት ከክፉ ሕልም ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው፤ ወባ፣ የማጅራት ገትር፣ ተስቦ ወደ ከባድ ደረጃ መድረሳቸውን ሊያመለክት ስለሚችል ፈጥኖ መታከምን ይጠይቃል።

መድኃኒት ክፉ ሕልም ያመጣል?

ያመጣል። ለኤች አይ ቪ ሕክምና ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የቆየው ኤፋቪሬንዝ ደማቅና አስጨናቂ ሕልም በማምጣት ይታወቃል፤ ወባን ለመከላከል የሚወሰደው ሜፍሎኩዊንም እንዲሁ ነው። አልኮል አዘውትሮ ጠጥቶ በድንገት ማቆምም ሌሊቱን ያከብደዋል፤ ከዚህ አልፎ በቁም እስከ ማቃዠት ሊደርስ ስለሚችል በሐኪም ክትትል ቢሆን ይመረጣል። መድኃኒትን ግን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም፤ ላዘዘው ባለሙያ ነግሮ ማስቀየር ይቻላል።

ልጄ በመጀመሪያ እንቅልፉ እየጮኸ ይነሣል፣ እኔንም አያውቀኝም፤ ይህ ቅዠት ነው?

በአማርኛችን አዎ፣ ቅዠት ነው፤ ክፉ ሕልም ግን አይደለም። ክፉ ሕልም የሚበዛው ወደ ንጋት ሲሆን፣ ሕልም የሚበረታበት የእንቅልፍ ደረጃ በየ90 ደቂቃው ገደማ እየተመላለሰ ወደ ሌሊቱ መጨረሻ ስለሚረዝም ነው። ልጁም ነቅቶ ያየውን ይናገራል፣ እናቱንም ያቅፋል። እርስዎ የሚገልጹት ግን ከጥልቅ እንቅልፍ መካከል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊቱ የመጀመሪያ ሢሶ የሚደርስ ሲሆን፣ ልጁ ዓይኑ ቢገለጥም አልነቃም፤ ጠዋት ምንም አያስታውስም። ብዙ ልጆች እያደጉ ይተዉታል። እንዳይወድቅና እንዳይጋጭ መጠበቅ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መልሶ ማስተኛት ይበቃል። አያቴ ነቅንቃ አለመቀስቀሷ ትክክል ነበር።

ክፉ ሕልምን ለሰው መናገር ይገባል?

«ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ስለሚባል ብዙ ሰው ክፉ ሕልሙን ላገኘው ሁሉ አይናገርም፤ የሚናገረውም በጎ ለሚፈታለት ሰው ነው። ሰሚውም አስቀድሞ «ለበጎ ያድርገው» ይላል። ጥርስ ሲወልቅ ማየት የዘመድ ሞት ነው የሚለውን የመሰለ ፍቺ ለተጨነቀ ሰው ማሸከም ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም አላየሁበትም። በጦርነት፣ በአደጋ ወይም በደረሰበት ግፍ ምክንያት ያንኑ ሕልም ደጋግሞ የሚያይ ሰው ካለ ነገሩ የሕልም ፈቺ ጉዳይ አይደለም፤ የሚሰማውና የሚታገዝበት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልገዋል። «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» የሚለው ተረት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አይነገርም፤ እርሱ በእርግጥ እንቅልፍ ፈርቶ ቁጭ ብሎ የሚያድር ነውና።

«የቀን ቅዠት» እና «የቁም ቅዠት» ሲባልስ?

ከእውነታ የራቀ ምኞትን ወይም ንግግርን ለመንቀፍ የሚነገሩ ናቸው። «ምን ያቃዥሃል?» የሚለው ተግሣጽም ከዚሁ ነው። ልብ ብንለው ይህ ዘይቤ የሚያያዘው ከመጀመሪያው ፍቺ ጋር ነው፤ የሚነቀፈው ሰው ሳያውቀው እንደሚያወራ ተቆጥሯል እንጂ አስፈሪ ነገር አየ አልተባለም።

ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ በምን ቃል እንናገር?

«ይቃዣል» ብቻ ብለው አይለፉ። ተኝቶ ነው ወይስ ዓይኑን ገልጦ? ሲጠሩት ስሙን ያውቃል? ቤተሰቡን ይለያል? ሰውነቱ ይተኩሳል? የጀመረው በመጀመሪያው እንቅልፍ ነው ወይስ ሊነጋጋ ሲል? ከቆላ ከተመለሰ ስንት ቀኑ ነው? እናቴ ዛሬም ሰው ታሞባት ስትሄድ «ሲቃዥ አደረ» ካለች በኋላ ወዲያው «እኔን አላወቀኝም» ብላ ትጨምራለች።